ወደ አማት ንግድ ቤት ለሚሄዱ የመንገድ ስንቅ

ጋብቻ ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ቤቶችን የሚያገናኝ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ቤቶች አንደኛው ንግድ ቤት የሆነ እንደ ሆነ፥ የሚገናኘው ዝምድና ብቻ ሳይሆን ሚዛንና መዝገብ፥ ዕዳና ትርፍም ጭምር ነው። ይህን ብዙ ሰዎች የሚያስተውሉት ዘግይተው ነው። በሠርግ ወራት ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሹና ስለ ድግሱ ብዙ ይነጋገራሉ፤ ሙሽራው ወይም ሙሽራዪቱ አንድ ቀን የአማትን መጋዘን ቁልፍ እንዲይዙ ቢጠሩ ምን ይሆናል ብሎ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የዛሬውን የቤተ ሰብ ዓምዳችንን ለዚሁ ጕዳይ ሰጥተነዋል።

ነገሩን በግልጥ ለማየት አንድ ምሳሌ እናንሣ። ባልና ሚስት በአዲስ አበባ ተቀምጠው ሁለቱም በመንግሥት ሥራ ይተዳደራሉ እንበል። የባልየው አባት በድሬ ዳዋ ቡና የሚሰበስቡበት፥ የሚያስለቅሙበትና ወደ ውጭ አገር የሚልኩበት መጋዘን አላቸው። ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ልጃቸው ከነሚስቱ መጥቶ ቤቱን እንዲረዳ ልከውበታል። ምራቲቱ የሒሳብ ሥራ ስለምታውቅ መዝገቡ ለርሷ ታስቧል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው። ሚስትየዋ የ15 ዓመት አገልግሎት፥ የታወቀ ደመወዝና የተቈጠረ ጡረታ አላት። እንግዲህ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ ብትጠይቅ ምን እንመልስላታለን? ባልየውስ አባቱን እንቢ ሳይል፥ ሚስቱንም ሳያስከፋ ነገሩን እንዴት ይፈጽመዋል?

መልሳችን አጭር ነው። የአማትን ቤት መርዳት የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ስፍራ መለወጥም በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር የድካምን ዋጋና የሥራን ስፍራ ሳይወስኑ፥ «እኛ ቤተ ሰብ አይደለንምን?» በሚል አንድ ቃል ብቻ ተማምኖ ጓዝን መጫን ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍት ብንመለከት ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ያዕቆብ ወደ አጎቱ ወደ ላባ ቤት በደረሰ ጊዜ፥ የመጀመሪያው ወር ያለፈው እንደ ሥጋ ዘመድ በመኖር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ደመወዝ ተነጋግረው ያዕቆብ ስለ ራሔል 7 ዓመት ሊያገለግል ተስማማ። ዓመቱ ሲፈጸም የተሰጠችው ልያ ሆነች፤ ስለ ራሔልም ሌላ 7 ዓመት ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ስለ መንጋው 6 ዓመት አገለገለ፤ በጠቅላላው 20 ዓመት መሆኑ ነው። በመጨረሻው ቀን ካሰማው አቤቱታ አንዱ ደመወዙ 10 ጊዜ የተለዋወጠበት መሆኑ ነበር። አማትና አማች ሰላም ያደረጉት በገለዓድ ተራራ ድንጋይ ከምረው ያን ክምር ምስክር ካደረጉ በኋላ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ያስተውሉ፤ በመካከላቸው ቃል አልጠፋም ነበር። የጠፋው ምስክር ነው፤ ምስክሩም የቆመው በሥራው መጀመሪያ ሳይሆን በጠቡ መጨረሻ ሆነ።

የሩት ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ ያስተምረናል። ሩት ባሏ ከሞተ በኋላ አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ከሞዓብ ወደ ቤተ ልሔም መጣች፤ የደረሱትም የገብስ መከር በተጀመረ ጊዜ ነበር። እንግዳ ነኝ ብላ አልተቀመጠችም፤ ቃርሚያ ለመልቀም ወደ እርሻው ወጣች። ከዚህ ሁሉ ፍቅርና ትጋት በኋላ እንኳ የኑኃሚን መሬትና የሩት ጋብቻ ጕዳይ በጓዳ በሹክሹክታ አልተፈጸመም። ቦዔዝ በከተማው በር 10 ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፥ ከርሱ የቀደመ መብት ያለውን ዘመድ አስጠርቶ፥ ነገሩን በሕዝብ ፊት ጨረሰው። በዘመድ መካከል ፍቅር መኖሩ ምስክር መጥራትን ነውር አያደርገውም ማለት ነው። ወደ አማት ቤት ሥራ የሚገቡ ሁሉ የላባን የድንጋይ ክምር ሳይሆን የቦዔዝን የከተማ በር ሊመርጡ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ፥ የጋራ መኖሪያውንም እንዲመርጥ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በዚያ ዘመን ባል «ወደ ድሬ ዳዋ እንሂድ» ያለ እንደ ሆነ ሚስት የምትከራከርበት በር ጠባብ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ይህን ለውጦ፥ ባልና ሚስት ቤተ ሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ፥ የሚኖሩበትንም ስፍራ በስምምነት እንዲወስኑ አድርጓል። ስለዚህ የመዛወሩ ነገር የአንዱ ትእዛዝ ሳይሆን የሁለቱ ምክር ነው። ይህ የፌዴራል ሕግ በአዲስ አበባም በድሬ ዳዋም የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በምሳሌያችን ያነሣናቸው ባልና ሚስት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ቢሄዱ ሕጋቸው አብሯቸው ይሄዳል። ወደ ክልሎች የሚዛወሩ ግን፥ ክልሎች የራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ ለማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፥ በዚያ ያለውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ሀብት ሕጉ የሚለውን ብዙ ሰው የሚያውቀው በግማሹ ብቻ ነው። ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ የግል ሀብታቸው የሚያፈራው ገቢም የጋራ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ከጋብቻ በፊት የነበረ ሀብት፥ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንደኛው የደረሰው ሀብት የዚያ ሰው የግል ሀብት ሆኖ ይቀራል። ይህኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል።

እስቲ በምሳሌያችን ላይ እናሳርፈው። መጋዘኑ የአማትየው ነው፤ የባልም የሚስትም አይደለም። ምራቲቱ 10 ዓመት ያለ ደመወዝ መዝገብ ብትይዝ፥ በድካሟ የተገኘው ትርፍ የሚገባው በአማትየው ሣጥን ነው። አማትየው ያለ ኑዛዜ ያረፉ እንደ ሆነ ልጆቻቸው ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ ምራት ወራሽ አይደለችም። ባልየው የደረሰውን ድርሻ ቢወርስ ያ ድርሻ የርሱ የግል ሀብት ነው፤ የጋራ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ የሚያፈራው ገቢ ብቻ ነው። እንግዲህ ደመወዝ ያልተቈረጠለት የ10 ዓመት ድካም በየትኛው መዝገብ ተጽፎ ይገኛል? ከአማትየው ምስጋና በቀር በየትም አይገኝም። ሚስቱን ተከትሎ ወደ ሚስቱ አባት ቤት ለገባ ባልም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህን የምንጽፈው ምራትን ከአማት፥ አማችንም ከባለቤቱ ወገን ለማጣላት አይደለም፤ የሕግ ሚዛን የሚመዝነው በላዩ የተቀመጠውን ብቻ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕዳ ነው። የንግድ ቤት ያለ ብድር የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቡና በተለይ በመከር ወራት ብዙ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ዋጋው ግን ዕቃው ተለቅሞና ተልኮ እስኪከፈል ድረስ ይቆያል። ስለዚህ አባት ልጃቸውን «ዋስ ሁነኝ፥ ወይም የአዲስ አበባውን ቤትህን በመያዣ ስጥልኝ» ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። ሕጉ፥ ሌላ ሕግ በተለየ ካልደነገገ በቀር፥ የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ፥ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለዚያ ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት እንዲኖር ያዝዛል። 500 ብር ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህም የሁለቱ ስምምነት የማያስፈልገው የንግድ ብድር ወይም ዋስትና ከሞላ ጐደል የለም ማለት ነው። ደግሞም አንደኛው ብቻውን ያመጣው ዕዳ፥ የግል ሀብቱ ያልበቃ እንደ ሆነ ከጋራው ሀብት ሊከፈል ይችላል። እንግዲህ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብ አንብቦ መጠየቅ አማትን መናቅ ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም። ልጆች የሚያድሩበትን ጣሪያ መጠበቅ ነውና።

ከዚህ በላይ ስላልነው ሁሉ፥ ከመሄድ በፊት ተወስነው ሊጻፉ የሚገባቸው አምስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ስፍራ ነው። የሚሄደው ሰው የሚገባው ተቀጣሪ ሆኖ ነውን፥ ባለድርሻ ሆኖ ነውን፥ ወይስ ነገ ቤቱን የሚረከብ ተለማማጅ ሆኖ? ትእዛዝ የሚቀበለውስ ከማን ነው? በአንድ መጋዘን ውስጥ አባት አንድ፥ ታላቅ ወንድም ሌላ፥ እናት ደግሞ ሦስተኛ ነገር የሚያዝዙ ከሆነ መዝገብ ያዥ ሁሉን ሊያስደስት አይችልም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ለባልና ለሚስት ለየራሳቸው ደመወዝ ይቈረጥ፤ በባል ስም አንድ ደመወዝ ቈርጦ የሁለት ሰው ሥራ ማሠራት ለጊዜው የሚቀል ቢመስልም ኋላ ያስተዛዝባል። ከደመወዝ ይልቅ ድርሻ የታሰበ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ድርሻ በቃል አይያዝም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የሚፈቅዳቸው የንግድ ማኅበራት ልዩ ልዩ ናቸውና፥ ቤቱ በማኅበር ይቋቋም፤ የያንዳንዱም ድርሻ በስሙ ይመዝገብ።

ሦስተኛው መኖሪያ ነው። ባልና ሚስቱ በአማት ግቢ ይቀመጣሉ ወይስ ቤት ይከራያሉ? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? በእኛ አሳብ በቀን ከአማት ጋር የሚሠራ ሰው ማታ የሚገባበት የራሱ ጓዳ ሊኖረው ይገባል። ቀን የተነሣ የሥራ ክርክር ማታ በማዕድ ላይ እንዳይቀጥል የሚከለክለው የራስ ደጃፍ ነው።

አራተኛው መመለሻ ነው። ለምሳሌ 2 ዓመት ይወሰንና በዚያ ጊዜ ፍጻሜ ሁሉም ተቀምጠው ነገሩን ይመርምሩት። ያልተስማማ እንደ ሆነ ያለ ነቀፋ የሚመለሱበት መንገድና ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ ይታሰብ። የአዲስ አበባው ቤት የራስ ከሆነ ማከራየት እንጂ መሸጥ አይገባም።

አምስተኛው ከአማት በኋላ ያለው ዘመን ነው። ይህን መናገር የአዛውንትን ሞት መመኘት የሚመስላቸው አሉ። ዝም ያሉት ነገር ግን ከቀብሩ በኋላ በወንድማማች መካከል ክስ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ ቦዔዝ የቀረበውን ዘመድ እንዳስጠራ፥ የባል ወንድሞችና እኅቶች በስምምነቱ ላይ ተገኝተው ይስሙ። ደመወዙንና ድርሻውን ገና ሲጀመር የሰማ ወንድም፥ ኋላ «ወንድሜና ሚስቱ የአባታችንን ቤት በሉት» ሊል አይችልም።

ስለ ውሉ አጻጻፍም ጥቂት እንጨምር። ከአማት ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ ተዋዋዮቹና 2 ምስክሮች ይፈርሙበት። ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ሳሉ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ግን በፍርድ ቤት ካልጸደቀ የማይጸና መሆኑን የቤተ ሰብ ሕጉ ይናገራል። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ላይ የምንውል ሰዎች፥ በመልካም አሳብ ተጽፈው በሣጥን ብቻ የተቀመጡ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በክርክር ቀን ባለቤታቸውን ሳይረዱ ሲቀሩ እናያለን። ጥቂት ቀን ወጥቶ ማስጸደቅ ብዙ ዓመት ከመከራከር ይሻላል።

እዚህ ላይ ንግድ ቤት ላላቸው አባቶችና እናቶችም የምንለው አለን፤ ከአንባብያችን መካከል ልጃቸውን ከነትዳሩ ለመጥራት የሚያስቡ አይጠፉምና። ምራት ወይም አማች ስለ ደመወዝ ሲጠይቅ ፍቅር ጐደለው ብለው አይፍረዱበት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነን፤ ነገር ግን በአማት ፊት አፍ አውጥቶ ዋጋን መጠየቅ ለባለጕዳዩ እጅግ የሚከብድ ነገር ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ማንሣት የሚገባው ታላቁ ወገን ነው። የጠራ እርሱ ዋጋውን ይንገር። እንዲሁ ያደረገ አባት ከልጁ የሚያተርፈው ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ምስጢር የሚጠብቅለት ሰውም ነው።

ይህ ሁሉ ተስማምቶ መሄዱ ከተቈረጠ፥ ቀጥሎ የሚሄዱበትን አገር ማወቅ ይገባል። ድሬ ዳዋ ራሷ ለሥራ በተዛወሩ ሰዎች የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቈረቈረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስም የዕቃው መራገፊያ እርሷ ነበረች። የግሪክ፥ የአርመን፥ የሕንድና የየመን ነጋዴዎች ከአገራችን ነጋዴዎች ጋር ተጐራብተው በዚያ ኖረዋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ እርሱም በዚያው ያልፋል። እንግዳን የለመደ ከተማ ነውና አዲስ ገቢ ሰው ለብዙ ጊዜ እንግዳ ሆኖ አይቀርም። ደግሞም ኦሮምኛና ሱማልኛ በገበያው ከአማርኛ ጋር የሚነገሩ ቋንቋዎች ናቸውና፥ ሰላምታውንና ቍጥሩን እንኳ ከወዲሁ የተማረ ሰው ብዙ ይጠቀማል።

አየሩ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ስትሆን ድሬ ዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ናት። ስለዚህ አገሩን ለማየት የሚሄድ ሰው በጥር ሄዶ ነፋሻ ነው ብሎ አይመለስ፤ በግንቦት ወይም በሰኔ ሄዶ ሙቀቱን ይቅመሰው። በዚያ ሰው ሥራውን በማለዳ ጀምሮ በቀትር ያርፋል፤ የቤቱ ሥርዓትም ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። የወባ ትንኝ መከላከያ አጐበር አይዘንጋ። በ2006 ዓ.ም. በከተማይቱ የደንጌ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር፤ ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትነድፍና በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ስለ ሆነች፥ በበርሜልና በእንስራ የሚቀመጥ ውኃ ዘወትር ይከደን። ቤት ሲፈለግም ከዚራንና መጋላን የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ ማስተዋል ይገባል። ወንዙ በብዙው ወራት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዳሩ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ የሆኑ ሰዎችን ሕይወት ወስዷል። ኪራዩ ረከሰ ብሎ በዳርቻው መከራየት አይገባም።

የመሄጃው ጊዜ ከልጆቹ ትምህርትና ከቡናው ወራት ጋር ይመዘን። ትምህርት በሰኔ ተፈጽሞ በመስከረም ይጀመራል። በሐረርጌ ደጋ የቡናው ለቀማ የሚበረታውም ከመስከረም በኋላ ነው። እንግዲህ በሐምሌ የሄደ ቤተ ሰብ ልጆቹን በጊዜ ያስመዘግባል፤ መዝገብ ያዢዋም ቡናው ከመምጣቱ በፊት ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ለማንበብ ሁለት ወር ታገኛለች። በጥቅምት የደረሰች እንደ ሆነ ግን በመጀመሪያው ቀን መኪናው ደጅ ቆሞ፥ ሚዛኑ ተሰቅሎ፥ ሻጩ ዋጋውን ሲጠይቅ ታገኘዋለች።

ከመንግሥት ሥራ የሚለቅ ሰው ከሁሉ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥበት ደንብ እንዳለ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ፤ የተገኘ እንደ ሆነ መመለሻው አይዘጋም። የማይገኝ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን በጊዜው ሰጥቶ፥ በእጁ ያለውን ንብረት አስረክቦ፥ የመልቀቂያ ደብዳቤውን፥ የሥራ ልምድ ማስረጃውንና የጡረታ መዋጮውን መዝገብ በእጁ ይዞ ይውጣ። ኋላ እልካለሁ የተባለ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሳይላክ ይቀራል። የልጆቹ የትምህርት ማስረጃና መሸኛ፥ የክትባት ካርዳቸው፥ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች በአንድ ከረጢት ሆነው ከባልና ሚስቱ ጋር ይጓዙ እንጂ ከዕቃ ጋር አይጫኑ። የአዲስ አበባው ዕድር ወዲያው አይቋረጥ፤ በድሬ ዳዋ ያለውም ቶሎ ይጠየቅ። የነፍስ አባትን ተሰናብቶና ተመርቆ መሄድም የክርስቲያን ቤት ወግ ነው። ደግሞም ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል በዓል ነውና፥ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች ቤታችሁን ማረፊያ እንደሚያደርጉት ከወዲሁ አስቡ።

ስለ ንግዱም ማወቅ የሚገባ አለ። የሐረር ቡና በውኃ ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ እንዲህ የደረቀውን ጀንፈል ይሉታል። ተፈልፍሎ ከመጣ በኋላ ለቃሚ ሴቶች ተቀምጠው የተሰበረውን፥ የጠቈረውንና ትል የበላውን በእጃቸው ይለያሉ። በገበያው የሚነገረው ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመ ወዲህ የቡናው አገበያየት ደንብ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ ስለዚህ የአማትየው የድሮ ልምድ ብቻውን አይበቃም፥ የአዲሱ ደንብ እውቀትም ብቻውን አይበቃም። አዲስ ገቢዋ መጀመሪያ ከለቃሚዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ቡናውን በእጇ ትየው፤ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ጆንያው ሲቈጠር ትስማ። ለጥቂት ወራት ከመንቀፍ ይልቅ ትጠይቅ። በመዝገቡ ጕድለት ያየች እንደ ሆነ በሠራተኞች ፊት ሳይሆን ለብቻቸው ለአማትዋ ትንገራቸው። አማትየውም ነገሩን ከባዕድ አፍ እንደ መጣ አይናቁት። ታላቁ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ፥ የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም የመከረው አማቱ ዮቶር ነበር፤ ሙሴም ነቢይ ሳለ የአማቱን ምክር ሰማ። ነቢይ የሰማውን ምክር ነጋዴ ለመስማት ሊያፍር አይገባውም።

በመጨረሻ ስለ መለያየት አንድ ነገር እንናገር፤ ነገሩ ሁልጊዜ እንደ ታሰበው አይሆንምና። ከአማት ቤት የወጡ ሁለት ሰዎችን መጽሐፍ ያሳየናል። ያዕቆብ ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ጊዜ በስውር ወጣ፤ ላባም 7 ቀን ተከታትሎ ደረሰበት። ሙሴ ግን የዮቶርን በጎች ሲጠብቅ ከኖረ በኋላ ወደ ግብፅ የሚመለስበት ቀን በደረሰ ጊዜ፥ ሄዶ አማቱን ፈቃድ ጠየቀ፤ ዮቶርም በሰላም አሰናበተው። ኋላም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ምድረ በዳ የመጣለት ይኸው ዮቶር ነው። በደኅና የወጣ ሰው አማቱን አላጣም ማለት ነው። ስለዚህ የማይስማማ ሥራ የሆነ እንደ ሆነ፥ መዝገቡን ዘግቶ፥ ቁልፉን በምስክር ፊት አስረክቦ፥ ተመራርቆ መለየት ይቻላል። የንግድ ማኅበር ሊፈርስ ይችላል፤ የልጆች አያትነት ግን አይፈርስም።

ወደ አማት ቤት ሥራ ለመሄድ የተነሡ ሁሉ በአንድ ማታ ባልና ሚስት ብቻቸውን ተቀምጠው ከላይ ያልናቸውን አምስቱን ነገሮች በወረቀት ይጻፉ፤ ቀጥሎም ወረቀቱን ይዘው በሽማግሌ ፊት ከአማታቸው ጋር ይነጋገሩበት። በፈቃድ የተጻፈ ውል ዝምድናን አያቀዘቅዝም፤ ይልቁንም ዝምድና የንግድን ሸክም ብቻውን እንዳይሸከም ያግዘዋል። ለሚሄዱት ሁሉ እግዚአብሔር መንገዳቸውን ያቅናላቸው፥ የሚገቡበትንም ቤት የሰላም ቤት ያድርግላቸው።